የጠፋችውን ፍለጋ፦ የቅድስት ማርያም ኤውፍራስያ ፔሌትዬ የሕይወት ታሪክ



ፀሐይ ዘቅዝቃ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ጥላ ሲረዝም፣ ፍየል የምትጠብቅ ልጅ መንጋዋን ወደ በረት እየነዳች አንድ በአንድ ትቆጥራለች። አንዲት ግልገል የጎደለች እንደ ሆነ በቤቱ ዕረፍት አይኖርም፤ አባት ዱላውን፣ ወንድም ችቦውን ይዞ ጅብ ሳይቀድም ወደ ገደሉ ይመለሳል። የዋግ ሰው ጌታችን ስለ ጠፋችው በግ የተናገረውን ምሳሌ ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከቤት የጎደለችው ፍየል ጠባቂዋ ልጅ ራሷ በሆነች ጊዜ ችቦ የሚያበራው ስንት ነው? ወደ ወልድያ ሄደች፣ ባሕር ዳር ሰው ቤት ገባች፣ ደላላ ወደ ዐረብ አገር ወሰዳት ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውም እንደ ጠፋች አትቆጠርም፤ እንዲያውም ድግስ ተደግሶ ትሸኛለች።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ድርቅና ድኽነት በበረቱበት ስፍራ ሕግ ብቻውን ልጅን አይጠብቅም። የሰቆጣ ስም በአገራችን ታሪክ ከረኀብ ጋር ተያይዞ የቆየ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረትና መቀንጨር ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመውም ስለዚሁ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ በመጠለያ እንዲያድሩ አደረገ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የምትጎዳው አጥርም ጠባቂም ያጣች ልጃገረድ ናት።

ስለዚህ በዚህ እትም ለአደጋ ለተጋለጡ ልጃገረዶች መጠለያ በመሥራት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስሟ የታወቀውን የቅድስት ማርያም ኤውፍራስያ ፔሌትዬን ሕይወት ለማቅረብ ወደድን። ታሪኳ የተፈጸመው በፈረንሳይ አገር ስለ ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

በጦርነት ማግስት የተወለደች ልጅ

ይህች ቅድስት ሐምሌ 31 ቀን 1796 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በባሕር በተከበበችው ኗርሙትዬ በተባለች ደሴት ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሮዝ ቪርዢኒ ነበር። አባቷ ዡልየን ፔሌትዬ ሐኪም ነበሩ። የተወለደችበት ዘመን የፈረንሳይ አብዮት አገሪቱን ያናወጠበት፣ አብያተ ክርስቲያናት የተዘጉበት፣ ካህናት የተሰደዱበትና የተገደሉበት ወራት ነው። የቤተሰቧ አገር የሆነው ቫንዴ የተባለው አውራጃ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ንጉሡ ሲል በአብዮቱ መንግሥት ላይ ተነሥቶ ስለ ነበር፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቆበታል፤ መንደሮቹም ተቃጥለዋል። ወላጆቿ ወደዚያች ደሴት የመጡት በራሳቸው ፈቃድ ሳይሆን የጦርነቱ ዕጣ አምጥቷቸው ነው። ስለዚህ ሮዝ ቪርዢኒ ዓይኗን የገለጠችው ጦርነት ያለፈበትን አገር በማየት ነበር ማለት ይቻላል። ከጦርነት በኋላ ማን ሜዳ ላይ እንደሚቀር ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም።

ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ዐረፉ። እናቷ የብዙ ልጆች እናት ነበሩና ኑሮ ከበዳቸው። በ1810 ልጃቸው በቱር ከተማ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት እንድትማር ላኳት። ከባሕር ዳርቻ ነጻ ኑሮ ወደ ተዘጋ ግቢ የገባችው ልጅ እጅግ አዘነች። ሦስት ዓመት እንዳለፈም በ1813 እናቷ እርሷ በሌለችበት ዐረፉ። በዐሥራ ሰባተኛ ዓመቷ ገደማ አባትም እናትም የሌላት ሆነች። በኋላ ዘመን በሯን ያንኳኩ የነበሩት ወላጅ አልባ ልጆች በፊቷ እንግዶች ያልሆኑት ስለዚህ ነው። የብቸኝነትን ሌሊት እርሷም አድራበታለች።

ከግንቡ ማዶ

ከትምህርት ቤቷ ብዙም ሳይርቅ በረጅም ግንብ የታጠረ አንድ ቤት ነበር። ቤቱ በቅዱስ ዮሐንስ ኤውድስ በ1641 በካን ከተማ የተመሠረተው የእመቤታችን የፍቅር ማኅበር ደናግል የሚኖሩበት ነው። የእነዚህ ደናግል ሥራ በዝሙት ሕይወት የወደቁ ሴቶችን ተቀብሎ ማስጠለልና ወደ እግዚአብሔር እንዲመለሱ መርዳት ነበር። አብዮቱ ደናግሉን በትኖ ከቆየ በኋላ እንደ ገና ቢሰበሰቡም፣ በዕድሜ የገፉና በመከራ የደከሙ ጥቂት ሴቶች ብቻ ነበሩ። የከተማው የተከበሩ ቤተሰቦች በዚያ ግንብ አጠገብ ሲያልፉ ዓይናቸውን ዞር ያደርጉ ነበር፤ ስለ ውስጡም በልጆቻቸው ፊት ማውራት አይወዱም ነበር።

ሮዝ ቪርዢኒን ግን ያ ግንብ ሳባት። ሌሎቹ ኀፍረትን ባዩበት እርሷ ያየችው እረኛ የሌላቸውን በጎች ነው። ጥሪዋንም ለማንም ከመናገሯ በፊት ለረጅም ጊዜ በጸሎት መረመረችው። አሳዳጊዋ የሆኑት የእኅቷ ባል በመጀመሪያ አልፈቀዱም፤ በመጨረሻ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት መሐላ እንዳትፈጽም አስጠንቅቀው ለቀቋት። በጥቅምት ወር 1814 ወደ ቤቱ ገባች። በ1815 የተመካሪነት ልብስ ለብሳ ማርያም ዘቅድስት ኤውፍራስያ ተባለች፤ መስከረም 9 ቀን 1817 ሃያ አንድ ዓመት እንደ ሞላት መሐላዋን ፈጸመች።

በዚያ ማኅበር ደናግል ከድኽነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት ሌላ አራተኛ መሐላ ይምላሉ፤ እርሱም ለነፍሳት መዳን መትጋት ነው። ካቴኪስቶች ይህን ነገር ልብ ሊሉት ይገባል። ማርያም ኤውፍራስያ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ሁሉ የዚህ አንድ መሐላ ፍሬ ነውና።

መሐላዋን እንደ ፈጸመች ከተጠለሉት ሴቶች ጋር የምትውል ኀላፊ ሆና ተሾመች። እነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከእርሷ የሚበልጡ፣ የሰው ክፋት ያቆሰላቸው፣ ቃል የማያምኑ ነበሩ። ወጣቷ ድንግል በቁጣ ልትገዛቸው አልሞከረችም። እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች፣ የታመመችውን እየጠበቀች፣ የምትሸሸውንም ሳትሰለች እየተከተለች ቀስ በቀስ ልባቸውን አገኘች። በኋላ ዘመንም ለደናግሏ አዘውትራ ታስተምር የነበረው ይህንኑ ነው፤ ልጆቹን መምታት ፈጽሞ ከለከለች፣ መዝለፍንና ያለፈ ታሪካቸውን ማንሣትንም አጥብቃ ትነቅፍ ነበር።

በ1825 ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት የቤቱ አለቃ ሆና ተመረጠች። ዕድሜዋ ደንቡ ከሚያዘው በታች ስለ ነበር ከሮም ልዩ ፈቃድ ማግኘት አስፈልጎ ነበር። በዚያው ዓመት ማንም ያላሰበውን አንድ ነገር ጀመረች። ከተጠለሉት ሴቶች መካከል አንዳንዶቹ ቀሪ ዕድሜያቸውን በምንኵስና ለእግዚአብሔር ሊሰጡ ይመኙ ነበር፤ ይሁን እንጂ የቀደመ ሕይወታቸው በየትኛውም ገዳም ተቀባይነት አላስገኘላቸውም። እርሷ ግን በቅድስት ማርያም መግደላዊት ስም የተጠራ፣ በጸሎትና በተመስጦ የሚኖር ማኅበር አቋቋመችላቸው። የወደቀችን ሴት ከጎዳና ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ለቅድስናም ልትበቃ ትችላለች ብሎ ማመን ሌላ ነው። እርሷ ሁለተኛውን አመነች።

በአንዤ የተከፈተው ቤት

ከቱር በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአንዤ ከተማ ቀድሞ «መልካም እረኛ» የተባለ የሴቶች መጠለያ ነበር፤ አብዮቱ አጠፋው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ባለጸጋ እመቤት ይህ ቤት እንደ ገና እንዲከፈት ብላ በኑዛዜ ገንዘብ ትታ ዐረፈች። የከተማው ጳጳስና ካህናቱም ማርያም ኤውፍራስያ መጥታ እንድትመሠርተው ለመኑ። እርሷም ሄዳ ቦታውን መረመረች። የተገኘው ሥራው የቆመ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ግድግዳው የተራቆተ፣ ቤተ ጸሎትም የሌለው ቤት ነበር። ሐምሌ 31 ቀን 1829፣ የተወለደችበት ዕለት በሆነው ቀን፣ ቤቱ በመልካሙ እረኛ ስም ተከፈተ።

እርሷ ወደ ቱር ተመልሳ የአለቅነት ጊዜዋን ከፈጸመች በኋላ በ1831 የአንዤው ቤት አለቃ ሆና መጣች። በእነዚያ ዓመታት ደናግሉ የሚበሉትንና የሚተኙበትን እንኳ ያጡበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ድኽነቱን እያዩ የሚረዱ ሰዎችም አልጠፉም፤ ገንዘቡን የተናዘዘችው እመቤት ልጅ የሆነው ሰው ሀብቱን ለዚህ ሥራ አውሎታል።

የመጠለያው አሠራር በሚገባ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ማርያም ኤውፍራስያ የመጡትን ሁሉ በአንድ ክፍል አላከማቸችም። ንስሓ ለመግባት የመጡት ሴቶች ለብቻቸው ነበሩ። ገና ያልወደቁ፣ ነገር ግን በድኽነት፣ በወላጅ ማጣት ወይም በክፉ ሰዎች መካከል በመኖር አደጋ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ሌላ ክፍል ነበራቸው። ወላጅ አልባ ሕፃናትም እንዲሁ ለብቻቸው ያድጉ ነበር። በጸሎት ለመኖር የመረጡት ደግሞ የራሳቸው ገዳም ነበራቸው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ እናት ነበረው። ልጆቹ ትምህርተ ክርስቶስ ይማራሉ፤ ልብስ መስፋት፣ ጥልፍና የቤት ሥራ ይሠለጥናሉ፤ የሥራቸውም ዋጋ ለቤቱ መተዳደሪያ ይውላል።

ከእነዚህ ክፍሎች ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ይልቁንም ሁለተኛው ነው። በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ርኅራኄ የሚጀምረው ልጅቱ ከወደቀች በኋላ ነበር። ማርያም ኤውፍራስያ ግን ሳትወድቅ በፊት በር መክፈት እንደሚገባ አስተዋለች። ከገደል የወደቀችን ግልገል ማውጣት ታላቅ ምሕረት ነው፤ በገደሉ አፋፍ አጥር ማጠር ግን ምሕረትም ጥበብም ነው።

አንድ ቤት ብዙ ቤት ሲሆን

የአንዤው ቤት በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሌሎች ከተሞች ልመና ይመጣ ጀመር። በ1833 በለማን፣ በፗትዬና በግረኖብል፣ በ1834 ደግሞ በሜስ አዳዲስ ቤቶች ተከፈቱ። በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። በቅዱስ ዮሐንስ ኤውድስ ማኅበር ልማድ እያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ ሲሆን የሚታዘዘውም ለአገሩ ጳጳስ ብቻ ነበር። አንዱ ቤት ደናግል በዝተውለት ሌላው ቢያጣ፣ አንዱ ጠግቦ ሌላው ቢራብ የሚያገናኛቸው ሕግ አልነበረም። ማርያም ኤውፍራስያ ከአንዤ የሚወጡት ቤቶች ሁሉ በአንዲት ጠቅላይ አለቃ ሥር አንድ ቤተሰብ እንዲሆኑ አሰበች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አዲሶቹ ደናግል በአንድ ስፍራ ተመክረውና ሠልጥነው ችግር ወዳለበት ሁሉ ሊላኩ ይችሉ ዘንድ ነው።

ተቃውሞው ብርቱ ሆነ። የጥንቱ ማኅበር ቤቶች ልማዳችንን አፈረሰች አሏት፤ ያሳደጓት የቱር ደናግልም አዘኑባት። አንዳንድ ጳጳሳት በሀገረ ስብከታቸው ላይ ያላቸው ሥልጣን የሚቀነስ መሰላቸው። ሥልጣን ወዳድ ናት የሚል ሐሜትም ተነዛባት። እርሷ ጉዳይዋን ለሮም አቀረበችና ጠበቀች። በ1835 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ጠቅላይ አለቅነቱን በይፋ አጸደቁ። የመልካሙ እረኛ የእመቤታችን የፍቅር ማኅበር የተወለደው በዚህ ውሳኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከባሕር ማዶ ተሻገረ። በ1838 በሮም፣ በ1840 በሙኒክ፣ በ1841 በለንደን ቤት ተከፈተ። በ1842 ደናግሉ ወደ አሜሪካ ሉዊቪል ደረሱ፤ በ1843 በአልጀርስ አጠገብ በኤል ቢያር ሰፈሩ፤ በ1844 ወደ ሞንትሪያል ሄዱ። በ1854 በህንድ ባንጋሎር፣ በ1855 በቺሊ፣ በ1863 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ገቡ።

በ1840ዎቹ አጋማሽ በካይሮም ቤት ተከፍቷል። ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከአገራችን የተወሰዱ ልጃገረዶች በካይሮ የባሪያ ገበያ ይሸጡ ነበርና። የአፋር አሞሌ ጨው ወደ ሰቆጣ ገበያ በሚጓዝበት በዚያ ዘመን፣ በሌሎች መንገዶች ደግሞ የሰው ልጅ እንደ ሸቀጥ ወደ ባሕር ጠረፍና ወደ ሱዳን ይነዳ ነበር። በ1839 ወደ ዐድዋ የመጡት አባታችን ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ከማርያም ኤውፍራስያ በአራት ዓመት የሚያንሱ የዘመኗ ሰው ናቸው፤ ያረፉትም በ1860 የእርሷ የልደት ቀን በሆነው በሐምሌ 31 ነው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ነገር ግን አንዱ ጌታ በአንድ ዘመን በሁለት ስፍራ እረኞችን አስነሣ።

የትዕግሥት ዓመታት

የማኅበሩ መስፋፋት ከመከራ ነጻ አላደረጋትም። በመጀመሪያ የደገፏት የአንዤው ጳጳስ ካረፉ በኋላ፣ ከ1842 ጀምሮ የተሾሙት ጳጳስ በመላው ማኅበር ላይ የበላይነት እንዲኖራቸው ፈለጉ። እርሷ በአንድ በኩል ሮም የሰጠቻትን ደንብ መጠበቅ ነበረባት፤ በሌላ በኩል ደግሞ በምትኖርበት ከተማ ያለውን አባት ማክበር ይገባት ነበር። ይህ ፈተና በአንድ ቀን ያለፈ ሳይሆን እስከ ሞቷ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት የጸና ነው። አንዳንድ ቀሳውስት ራቋት፤ ከራሷ ደናግል መካከልም የተለዩዋት ነበሩ። እርሷ ግን ደንቡን አልለቀቀችም፤ ስለ ጳጳሱም ክፉ እንዲነገር አልፈቀደችም። በቁምስናና በምክር ቤት ሥራ የምናገለግል ሁላችን ከዚህ ብዙ እንማራለን። ለእውነት መጽናትና ሰውን ማክበር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ አሳይታለችና።

በመጨረሻ ዓመታቷ የነቀርሳ ሕመም ጸናባት። ሥቃዩን እየታገሠች ደናግሏን ወደ ሩቅ አገር መላኩን ቀጠለች። ሚያዝያ 24 ቀን 1868 በሰባ አንድ ዓመቷ በአንዤ ዐረፈች። በዚያን ጊዜ በእርሷ ዘመን የተመሠረቱት ቤቶች 110 ደርሰው ነበር። በአሮጌ ፋብሪካ የተጀመረው መጠለያ በአርባ ዓመት ያልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ሰፋ። በ1933 ብፅዕት ተባለች፤ ግንቦት 2 ቀን 1940 ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ ቅድስናዋን አወጁ። ያ ወራት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤውሮጳን የያዘበት ነበር፤ ከስምንት ቀን በኋላም ጦርነቱ ወደ አገሯ ወደ ፈረንሳይ ገባ። በጦርነት ማግስት የተወለደችው ቅድስት በጦርነት ዋዜማ ለሕዝብ ሁሉ አማላጅ ሆና ተሰጠች።

ከእርሷ በኋላ የሆነው

ውድ አንባብያን፤ የቅዱሳንን ታሪክ የምንጽፈው ለእውነት ነውና አንድ አሳዛኝ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አይገባም። እርሷ ካለፈች በኋላ በብዙ አገሮች እነዚህ መጠለያዎች መልካቸው የተለወጠበት ጊዜ ነበር። በአየርላንድ የመልካሙ እረኛ ደናግልና ሌሎች ማኅበራት የሚያስተዳድሯቸው የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ። ከ1922 እስከ 1996 ድረስ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ማለፋቸውን በ2013 የወጣው የመንግሥት ምርመራ ገልጧል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልገቡም፤ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ ስማቸው ተለውጧል፤ መቼ እንደሚወጡም አልተነገራቸውም። አንዳንዶቹን ያስገቧቸው የገዛ ቤተሰቦቻቸው፣ ሌሎቹን መንግሥት፣ ሌሎቹንም ካህናት ናቸው። በዚያው በ2013 የአየርላንድ መንግሥት መሪ በምክር ቤት ቆመው ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቁ። በአውስትራሊያም በተመሳሳይ ቤቶች ያደጉ ልጆች ስለ ደረሰባቸው በደል በአደባባይ ተናግረዋል።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ አጭር አይደለም። ግንቡ፣ የስም ለውጡና የሥራው ሥርዐት በቅድስቲቱ ዘመንም ነበሩ፤ የጊዜው ልማድ ነውና እርሷም ከዚያ ውጭ አልነበረችም። ነገር ግን በእርሷ ዘንድ ሥርዐቱ ሁሉ ለልጅቱ የቆመ ነበር። ከጊዜ በኋላ በአንዳንድ ስፍራ ልጅቱ ለሥርዐቱ የቆመች ሆነች። ኅብረተሰቡም ኀፍረቱን የሚሸሽግበት ስፍራ ስላገኘ ከግንቡ በስተ ጀርባ ያለውን ሊጠይቅ አልወደደም። ልጃቸውን ወደዚያ የላኩ ወላጆች፣ በበደሏት ወንዶች ላይ ያልፈረዱ ዳኞች፣ ያዩትን ያልተናገሩ ጎረቤቶችም የበደሉ ተካፋዮች ናቸው። መልካሙ እረኛ በጎቹን ወደ በረት የሚያስገባ ብቻ አይደለም፤ ወደ መስክም ያወጣቸዋል። ማስገቢያ ብቻ ኖሮት መውጫ የሌለው በር የክርስቶስ በር ሊሆን አይችልም።

ማኅበሩም ከዚህ ታሪክ ጋር ተፋጥጦ መንገዱን አስተካክሏል። ዛሬ ደናግሉ በብዙ አገሮች በሕገ ወጥ መንገድ የተዘዋወሩ ሴቶችን፣ ስደተኞችንና ሕፃናትን ይረዳሉ። ከ1996 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት የአማካሪነት መብት አግኝተው ስለ ሴቶችና ስለ ልጆች መብት ይሟገታሉ። በ2014 ደግሞ የጥንቱ የእመቤታችን የፍቅር ማኅበርና የመልካሙ እረኛ ማኅበር እንደ ገና አንድ ሆኑ፤ በ1835 የተለያዩት እኅቶች ወደ አንድ ማዕድ ተመለሱ። በአገራችንም የዚህ ማኅበር ደናግል በአዲስ አበባ ችግረኛ ሴቶችን በሙያ በማሠልጠን አገልግለዋል።

ለእኛ የሚቀረን ሥራ

ዋግ ኽምራን የሚያቅፈው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ከተቋቋመ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም፤ የተመሠረተው በ2015 ነው። ምእመናኑ በቁጥር ጥቂት፣ ገንዘቡም አነስተኛ ነው። ታላቅ ቤት መሥራት አንችልም እንል ይሆናል። ነገር ግን ከቅድስቲቱ ሕይወት ያለ ብዙ ገንዘብ ልንጀምራቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መቁጠር ነው። ካቴኪስት በመንደሩ ትምህርት ያቋረጠችውን፣ ወላጅ የሞተባትን፣ ከተፈናቀሉት መካከል ብቻዋን ያለችውን ልጅ በስሟ ይወቅ። ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የቀረች እንደ ሆነ በሚቀጥለው እሑድ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ይሂድ። በኽምጣኛ የሚናገሩ እናቶችን በገዛ ቋንቋቸው የሚያነጋግር ሰውም አብሮት ይኑር።

ሁለተኛ፣ አስቀድሞ መድረስ ነው። የጋብቻ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ የሚነገር ምክር ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። አባቶችን፣ የነፍስ አባቶችንና የአገር ሽማግሌዎችን ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን ጋር ሆኖ ማነጋገር የሚገባው ልጆቹ ገና አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሳሉ ነው። ወደ ከተማ ለመሄድ የተነሣችም ብትኖር የምታርፍበት የታወቀ ቤት፣ የምትጠራው የታመነ ሰው ሳይኖራት ደላላ ከመናኸሪያ እንዳይቀበላት ቁምስናዎች እርስ በርሳቸው ይላላኩ።

ሦስተኛ፣ የምንከፍተው በር ሁሉ የሚታይ ይሁን። በግቢያችን አንዲት ልጅ ስናስጠልል፣ አንድ ሌሊትም ቢሆን፣ ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው፤ ሕግ የሚጠይቀው ይፈጸም፤ ልጅቱም ፈቃዷን ትጠየቅ፤ በነጻነት የምትናገርለት ሴት ትመደብላት፤ መውጫዋም ከመግቢያዋ ጋር ይታሰብ። ውኃ ቀጂና ወጥ ሠሪ አደረግናት እንጂ አላስጠለልናትም እንዳይባል እንጠንቀቅ። በአየርላንድ የተፈሰሰው እንባ ይህን ያስተምረናል።

አራተኛ፣ ስሟን መጠበቅ ነው። የተደፈረች ወይም የተታለለች ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሚቀበላት ሹክሹክታ ከሆነ፣ ግንብ ሠርተንባታል ማለት ነው። ማርያም ኤውፍራስያ ያለፈውን ማንሣት የከለከለችው ቁስል እየተነካካ እንደማይድን ስላወቀች ነው።

የቅድስቲቱ በዓል በየዓመቱ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 16 ነው። እኛም በገና ዋዜማ ሳምንታት ኖላዊ የተባለውን ሰንበት ስናከብር የምንዘምረው ለዚያው ለመልካሙ እረኛ ነው። በሁለቱም ቀኖች በየቁምስናችን ስለ ጎደሉት ልጆች በስማቸው እንድንጸልይ፣ ከጸሎትም በኋላ ችቦ አብርተን እንድንወጣ ያስፈልጋል። ጅቡ የሚጠብቀው እኛ እስክንሰበሰብ አይደለምና።

መልካሙ እረኛ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ጸሎት፣ የቅድስት ማርያም ኤውፍራስያ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።